የዳክዬው ክንፍ ጉዳይ

የሰው ልጅን ሲያስጨንቁ የኖሩ ታላላቅ ጥያቄዎች አሉ፤ ከየት መጣን፣ ወዴት እንሄዳለን፣ ስንሞትስ ምን እንሆናለን የሚሉት። በእነዚህ ሌሎች ከተሞች ይጨነቁባቸው። በጃፓን ሰሜናዊ ባሕር ዳርቻ ያለች፣ ስሟን ባንጠራባት ደስ የሚላት አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ግን ከነዚህ ሁሉ የሚከብድ ጥያቄ ተሸክማ ስለነበር ለጥቃቅኑ ጊዜ አልነበራትም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ዳክዬው በመጨረሻ ሰላምታ ሲሰጥ የሚያነሳው የቀኝ ክንፉን ነው ወይስ የግራውን?

ዳክዬው የኩሬ ዳክዬ አይደለም። «ጀግናው ዳክዬ» በሚባል የድሮ የቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚያገለግል፣ ቀይ የብረት ቆብ የደፋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ሥራው ባልዲ ተሸክሞ፣ ጉድጓድ እየዘለለ፣ የሚነድ ቤተ መንግሥት ደርሶ እሳቱን ማጥፋት ነው። ቤተ መንግሥቱን ማን እንዳቃጠለው ጌሙ አይናገርም፤ ዳክዬውም ጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የትም መሥሪያ ቤት ቢቀጠር እድገት ያገኛል።

ይህንን ጌም ከመጥፋት ለመታደግ የከተማዋ ጎልማሶች የቅርስ ጠባቂ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጌሙ በደጉ ዘመን ከቴሌቪዥን ጋር ለሚሰካ ሦስት ዓይነት የቤት መጫወቻ ተሠርቶ ስለነበር ማኅበሩ ሦስቱንም፣ ነጩን፣ ጥቁሩንና ግራጫውን፣ ከነካሴቶቻቸው በመስታወት ሣጥን አስቀምጧቸዋል። እሁድ እሁድ አባላቱ በሕዝብ አዳራሹ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነጭ ጓንት አጥልቀው መጫወቻዎቹን ያወጣሉ፤ በጥጥ ይወለውላሉ፤ ስለ ዳክዬው ጥልቅ ውይይት ያካሂዳሉ፤ ከዚያም መልሰው ይቆልፋሉ። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ ጌሙን መጫወት በጥብቅ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጫወቻ በመጫወት ያልቃል።

ሊቀመንበሩ አቶ ኢሶጋይ ነበሩ። በማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች ጉዳይ ክፍል ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅተም ሲመቱ ኖረው በክብር ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ፣ ከረባታቸውን ለአሳ ገበያ እንኳ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ምክትላቸው የከተማዋ ብቸኛ የጥርስ ሐኪም ዶክተር ሃታናካ ናቸው። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ፣ የምሳ ሣጥን የተለዋወጡ፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ያለቀሰ፣ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። በልጅነታቸው በእነኢሶጋይ ቤት የነበረው ነጩ መጫወቻ ሲሆን በእነሃታናካ ቤት የነበረው ጥቁሩ ነው።

ይህች ትንሽ ልዩነት ለዓመታት ተኝታ ቆይታ በማኅበሩ የዘመን መለወጫ ግብዣ ላይ ነቃች። አቶ ኢሶጋይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ንግግር ሲያደርጉ ነበር።

«የተከበራችሁ አባላት! ዳክዬው እሳቱን አጥፍቶ እንደጨረሰ ሹመት አልጠየቀም፤ ሽልማት አልጠየቀም። ዝም ብሎ ቀኝ ክንፉን እንዲህ አነሳ።» ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«ግራውን» አሉ ዶክተር ሃታናካ ከጎናቸው፣ የሩዝ ቂጣቸውን እያኘኩ።

«ምን አልክ?»

«ግራውን ነው የሚያነሳው። ቀጥል፣ ቀጥል፤ ንግግሩ ጥሩ ነው።»

«ሃታናካ፣ ቀኙን ነው። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«እኔስ በምኔ አየሁት? በጆሮዬ?»

«አንተ ድሮም ቀኝና ግራህን አትለይም። አንደኛ ክፍል ጫማህን አዙረህ ተጫምተህ የመጣህ ሰው ነህ!»

«አንተ ደግሞ ሱሪህን አርጥበህ የመጣህ ሰው ነህ፤ አወራሁብህ?»

አሁን ግን አወሩባቸው፤ ያውም የማኅበሩ አባላት በሙሉ ከነሚስቶቻቸው በተገኙበት። ግብዣው በዚህ ተበተነ።

በቀጣዩ እሁድ ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ሊቀመንበሩን የደገፉት በመስኮቱ በኩል ተቀመጡና ቀኝ ክንፍ ተባሉ፤ ዶክተሩን የደገፉት በበሩ በኩል ተቀመጡና ግራ ክንፍ ተባሉ። ማኅበሩን ለመሥራት ዓመታት ፈጅቶባቸው ነበር፤ ለመክፈል የወንበር ማዞሪያ ያህል ጊዜ በቃቸው። የቀኝ ክንፍ አባላት መንገድ ላይ ሲገናኙ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ። የግራ ክንፍ አባላት ደግሞ ለአቋማቸው ሲሉ በግራ እጃቸው መብላት ጀመሩ፤ ሸሚዛቸው ላይ የሚፈሰው ሾርባም የመሥዋዕትነት ምልክት ሆኖ ተከበረ። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የኑድል ቤት ባለቤቱ አቶ ሙካይ፣ የሁለቱንም ወገን ደንበኞች ማጣት ስለማይፈልጉ ዳክዬው ክንፍ እንዳለውም እርግጠኛ እንዳልሆኑ አስታወቁ።

ትግሉ በተፋፋመበት ሰሞን አቶ ኢሶጋይን ጥርስ አመማቸው። የኋላኛው መንጋጋ ነው። ጉንጫቸው እንደ ተነፋ ፊኛ ሆነ።

«ሂድና ሃታናካን አሳየው እንጂ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቺዙኮ፣ ቶፉ የሚባለውን ለስላሳ የአኩሪ አተር አይብ በማንኪያ እያቀረቡላቸው። የከተማዋ ሰው ሁሉ በማስተዋላቸው የሚያከብራቸው ሴት ናቸው።

«የቀኝ ክንፍ ሊቀመንበር አፉን ለግራ ክንፍ አይከፍትም።»

«አፍህን ዘግተህስ ምን አተረፍክ? ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት አላስተኛኸኝም።»

«ሌላ ከተማ እሄዳለሁ።»

«ሂዳ! በረዶው የባቡሩን መንገድ ዘግቶታል፤ እንደ ዳክዬህ እየዘለልክ ትሄዳለህ?»

አቶ ኢሶጋይ ለመርሃቸው ሲሉ ጥቂት ቀን ታገሡ። መርህ ግን ነርቭ የለውም፤ ነርቭ ያለው መንጋጋ ነው። በመጨረሻ አንገታቸውን በሻርፕ፣ ክብራቸውን በዝምታ ጠቅልለው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ።

ዶክተር ሃታናካ ከወንበሩ ላይ አስተኟቸው፤ መብራቱን አበሩ፤ በሙያቸው ሥነ ምግባር መሠረት አንድም ቃል ሳይናገሩ የማደንዘዣውን መርፌ ወጉ። አፋቸውን በጥጥ ሞሉት። መቦርቦሪያውን አስገቡ። ከዚህ በኋላ ነው የተናገሩት።

«እንደምን ሰነበትክ፣ ኢሶጋይ?»

«ኧኧ።»

«ስለ ክንፉ ሳስብ ነበር። ግራው ነው አይደል?»

«ኧኧ! ኧኧኧ!»

«ምን? አልሰማሁህም። ካልተስማማህ በግልጽ ‹አይደለም› በል።»

አቶ ኢሶጋይ ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ እግራቸውን አወራጩ፤ ከአፋቸው የወጣው ግን ምራቅ ብቻ ነበር።

«መልካም። ተቃውሞ ስላልቀረበ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል ማለት ነው» አሉ ዶክተሩ፤ ጥርሱንም እጅግ አድርገው በጥንቃቄ ሠሩት።

እሁድ ዕለት ግራ ክንፍ መግለጫ አወጣ። ሊቀመንበሩ በሕክምና ክትትል ሥር ሆነው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ካሰላሰሉ በኋላ የግራውን እውነትነት መቀበላቸው በደስታ ተገልጿል ይላል። አቶ ኢሶጋይ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

«በማደንዘዣ የተገኘ ስምምነት ስምምነት አይደለም!»

«ጥርስህ አሁን ያምሃል?» ጠየቁ ዶክተር ሃታናካ።

«አያመኝም!»

«እንግዲያው ምን ያስጮህሃል?»

ጩኸቱ እስከ ታች ፎቅ ድረስ ተሰማ። እዚያ እሁድ እሁድ አበባ የሚያሰናዱት ሴቶች ቅርንጫፍ ሲቆርጡ በድንጋጤ አበባውንም አብረው እየቆረጡ መቸገራቸውን ለአዳራሹ ኃላፊ አመለከቱ፤ ኃላፊውም ማኅበሩ በሚቀጥለው እሁድ ጉዳዩን ካልቋጨ ክፍሉ በማይክሮፎን ለሚያዜመው የካራኦኬ ቡድን እንደሚሰጥ አስጠነቀቁ። ያን ቀን ሁለቱ ወዳጆች ደረጃውን ሲወርዱ ሳይተያዩ ወረዱ። ከበሩ ላይ አቶ ኢሶጋይ ወደ ቀኝ፣ ዶክተር ሃታናካ ወደ ግራ ዞሩ፤ የሁለቱም ቤት በቀኝ በኩል ነው። ዶክተሩ ለአቋማቸው ሲሉ ወደቡን ዞረው ቤታቸው እስኪደርሱ ጆሯቸው በብርድ ቀላ።

አቶ ኢሶጋይ እራት አልበላላቸው አለ። ጥርሳቸው ድኗል፤ አሁን ያመማቸው ሌላ ነገር ነው፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማሳየት አልቻሉም።

«ቺዙኮ፣ ያ ሰውዬ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ተጫውታችሁ አታዩትም?» አሉ ወይዘሮ ቺዙኮ ሳህን እያነሱ።

«ምኑን?»

«ጌሙን ነዋ! እስከ መጨረሻው ተጫወቱትና ዳክዬው የሚያነሳውን ያንሣ፤ እናንተም ተገላገሉ።»

አቶ ኢሶጋይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እውነትን ለመናገር፣ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ውስጥ ይህ አልነበረም።

አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ሐሳቡ የደንቡን የመጀመሪያ አንቀጽ የሚንድ ስለሆነ ብርቱ ክርክር ተካሄደበት፤ በመጨረሻም «መጫወት» የሚለው ቃል እንዲወጣና «በጣት ኃይል የሚከናወን ቅርስን የመመርመር ተግባር» በሚለው እንዲተካ አቅጣጫ ተቀመጠ። ሁለቱ መሪዎች ተራ በተራ እንዲመረምሩም ተወሰነ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አበባ የሚያሰናዱት ሴቶች መቀሳቸውን ይዘው ወጡ፤ የካራኦኬ ቡድኑ ክፍሉን ለመረከብ ማይክሮፎኑን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ነጩ መጫወቻ ተሰካ። ካሴቱ አልነሣ ብሎ አስቸገረ፤ አቶ ሙካይ ነቅለው እፍ ብለው መልሰው ሲያስገቡት ሙዚቃው ጮኸ። ከፊት የተቀመጡ ጎልማሶች ዓይን እንባ አቀረረ።

አቶ ኢሶጋይ ጓንታቸውን አውልቀው ጆይስቲኩን ያዙ። ዳክዬው ሦስት እርምጃ ሄዶ የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«ማሟሟቂያ ነው» አሉ አቶ ኢሶጋይ።

ዳክዬው እንደገና ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«ጆይስቲኩ ቀዝቅዟል።»

እንደገና ገባ። ከኋላ አንድ ሰው «መጀመሪያ ራሱን ያድን» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ሃታናካ በንቀት ፈገግ ብለው ጆይስቲኩን ተቀበሉ፤ የጥርስ ሐኪም እጅ መሆኑን ለሕዝቡ በሚያሳይ ዝግታ ጣታቸውን አፍታቱ። ዳክዬው በእሳቸው እጅ ሁለት እርምጃ ሄዶ በአንዲት ቀንድ አውጣ ተገጭቶ ሞተ። ጉድጓዱ ጋ እንኳ አልደረሰም።

የዳክዬው ሊቃውንት፣ የጓንቱ፣ የመስታወት ሣጥኑና የመግለጫው ባለቤቶች፣ አንድ ጉድጓድና አንዲት ቀንድ አውጣ ማለፍ አቅቷቸው በሕዝብ ፊት ቆሙ። አቶ ኢሶጋይ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ጊዜ ራስህ ነህ የጨረስከው?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናቴ ናት።»

«እናትህ?!»

«እኔ ትራስ አቅፌ ሳይ ነበር። ያንተንስ ማን ጨረሰው?»

አቶ ኢሶጋይ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። «እህቴ ናት። እኔ አጨበጭብ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት ዶክተር ሃታናካ ናቸው፤ በአፍንጫቸው፣ ልክ ድሮ መምህሩ ጀርባውን ሲያዞር ይስቁ እንደነበረው። ከዚያ አቶ ኢሶጋይ ተከተሉ። ሁለት አዛውንት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ መነጽራቸው እስኪደበዝዝ ሳቁ። ሕዝቡ ምን እንደሆነ ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

«ስማ፣ አንተ ምራው፤ እኔ ልዝለል» አሉ አቶ ኢሶጋይ። አንዱ ጆይስቲክ ለሁለት ተያዘ። በግራ በኩል መርፌ ሲወጋ የኖረው የዶክተሩ ጣት ዳክዬውን ያራምዳል፤ በቀኝ በኩል ማኅተም ሲመታ የጠነከረው የአቶ ኢሶጋይ አውራ ጣት ያዘልለዋል።

«ዝለል! ዝለል በለው!»

«አትቸኩል እንጂ! ቀንድ አውጣዋ ትለፍ!»

«አለፈች፤ ምታ!»

«በለው! ሃታናካ፣ ባልዲውን እንዳትረሳ!»

ከስንት ሞትና ከስንት ትንሣኤ በኋላ፣ ከረባታቸው ተፈትቶ፣ ሩዝ በአንድ እጃቸው እየጎረሱ፣ ቤተ መንግሥቱ ደረሱ። እሳቱ ጠፋ። ዳክዬው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ቀኝ ክንፉን አነሣ።

ቀኝ ክንፍ ጮቤ ረገጠ። «ቆይ፣ ጥቁሩስ?» አሉ ግራ ክንፎች። ጥቁሩ ተሰካ። አሁን ጣታቸው ለምዶ ነበርና ቶሎ ጨረሱት፤ በጥቁሩ ላይ ዳክዬው ግራ ክንፉን አነሣ። ለፍትሕ ሲባል ግራጫውም ተሞከረ። በግራጫው ላይ ዳክዬው ምንም አላነሣም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ጅራቱን ለሕዝቡ ወዘወዘና ሄደ። አቶ ሙካይ ይህ የገለልተኞች አቋም መሆኑን ገልጸው ከልባቸው አጨበጨቡ።

«በመሆኑም» አሉ አቶ ሙካይ መዝጊያውን ሲያነቡ፣ «ሁሉም ወገኖች ትክክል መሆናቸው ስለተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል። ክፍሉም በእጃችን ይቆያል።»

ጭብጨባው ደከም ያለ ነበር። የካራኦኬ ቡድኑ ማይክሮፎኑን ጠቅልሎ ሄደ። አባላቱ ጃኬታቸውን ለብሰው ሊሄዱ ተነሡ፤ ግን ማንም አልሄደም። እርስ በርስ ይተያያሉ። ሁሉም ትክክል ከሆነ የሚቀጥለው እሁድ ለምን ይመጣል? አቶ ኢሶጋይና ዶክተር ሃታናካ ቀብር እንደዋለ ሰው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«በቃ አለቀ ማለት ነው» አሉ አቶ ኢሶጋይ።

«አለቀ።»

«ሰላም ሆነ።»

«ሰላም ሆነ» አሉ ዶክተሩ እየተከዙ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ፣ ጌሙ ሲያልቅ ተመልሶ በሚወጣው የዳክዬው ሥዕል ላይ ነበር። ጥቂት ቆይተው ጠበብ አደረጉት። «ግን ኢሶጋይ፣ ምንቃሩ እንዲህ ቢጫ ነበር እንዴ? እኛ ቤት ብርቱካናማ ነበር።»

አቶ ኢሶጋይ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

«ምን አልክ?»

«ብርቱካናማ።»

«ቢጫ ነው! ሲፈጠርም ቢጫ ነው! አንተ ሰውዬ ዓይንህን ተመርመር!»

በሩ ጋ የደረሱት አባላት ጃኬታቸውን እያወለቁ በደስታ ተመለሱ። ወንበሮቹ ቢጫና ብርቱካናማ ሆነው ይደረደሩ ጀመር። በዚህ ጊዜ ግን አቶ ኢሶጋይ አንድ ብልሃት መጣላቸው፤ ጓደኝነታቸው ዳግመኛ ለአደጋ እንዳይጋለጥ ነገሩን ገና በእንጭጩ የሚዳኝ አስተዋይ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በከተማዋ አንድ ብቻ ነው ያለው።

«ቺዙኮ! እስቲ ነይ። የዳክዬው ምንቃር ምን ዓይነት ቀለም አለው?»

ወይዘሮ ቺዙኮ ከተመልካቹ መሐል ተነሥተው ቦርሳቸውን ተሸክመው ቀረቡ። መነጽራቸውን አወጡ። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ተመለከቱ። አባላቱ አንገታቸውን አስግገው በአክብሮት ጠበቁ።

«የቱ ዳክዬ?» አሉ።

«ይኸው!»

«ይሄማ ዝይ ነው።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

«ወይዘሮ ቺዙኮ» አሉ ዶክተር ሃታናካ በትሕትና፣ «የጌሙ ስም እኮ ‹ጀግናው ዳክዬ› ነው።»

«ስም ያወጣ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው? አንገቱን እዩት እንጂ! እንዲህ ያለ አንገት ያለው ዳክዬ አይታችኋል?»

«የኔ እመቤት፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?» አሉ አቶ ኢሶጋይ።

«እኔ በአንገት አልቀልድም» አሉ ወይዘሮ ቺዙኮ፤ ቦርሳቸውን አስቀመጡና ወንበር ስበው በሩንም መስኮቱንም ትተው መሐል አዳራሹ ላይ ተቀመጡ። ከኋላ፣ መቀስ ከያዙት ሴቶች መሐል፣ አንዷ «እውነታቸውን ነው» አለች። ሌላዋ ተከተለች። ቀስ በቀስ ሴቶቹ በሙሉ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ።

ዛሬ የዝይ ወገን ከሁሉም ብዙ አባላት ያሉት፣ በሥርዓቱም የሚያስቀና ነው። መግለጫዎቹ በአበባ አጊጠው ይወጣሉ። አቶ ኢሶጋይና ዶክተር ሃታናካ በየቀኑ አመሻሹ ላይ በእነኢሶጋይ ወጥ ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ ሩዝ ያጥባል፣ አንዱ ራዲሽ የሚባለውን ሥራሥር ይከትፋል፣ ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ቺዙኮም ከስብሰባ ሲመለሱ እራት ቀርቦ እንዲጠብቃቸው ይጣደፋሉ። ስለ ምንቃሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ፤ የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ግን ሁለቱም በአንድ ድምፅ ስለ ዝይ ማውራት ይጀምራሉ።